ሰማይ ሲታረስ

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል የእኛ ሰው። ዋሽንግተን ውስጥ ግን አንድ ጊዜ ሰማይ ታርሷል። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣናቸውን ለቀው በሄሊኮፕተር ከዋይት ሀውስ ወጡ። (ቀኖቹን ሆን ብዬ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።)

ዋተርጌት በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሁለት ወጣት ጋዜጠኞች ፕሬዚዳንት ገለበጡ!» ወሬው ለእኛ ለጸሐፊዎች ደስ ይላል። እኔ ግን አልቀበለውም።

ለዚህ ወሬ ትልቁን ውለታ የዋለው በ1968 ዓ.ም. የወጣው «ኦል ዘ ፕሬዚደንትስ ሜን» የተሰኘው ፊልም ነው። ሮበርት ሬድፎርድና ደስቲን ሆፍማን የዋሽንግተን ፖስቶቹን ቦብ ውድዋርድንና ካርል በርንስታይንን ሆነው ይጫወታሉ። ጥሩ ፊልም ነው፤ እሱን አልክድም። የከነከነኝ አጨራረሱ ነው። ኒክሰን ጥር 12 ቀን 1965 ለሁለተኛ ዘመን ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ጋዜጠኞቹ ይተይባሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የአንድ ዓመት ተኩል ነገር ቴሌታይፕ መኪናው በጥቂት አርዕስተ ዜና ያራግፈዋል። አለቀ! ቁም ነገሩ ግን ያለው እዚያ የተራገፈው ውስጥ ነው።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። ሌቦቹ በተቃዋሚው ፓርቲ ቢሮ ውስጥ የተያዙት ሰኔ 10 ቀን 1964 ነው። ጋዜጠኞቹ በጋውን ሙሉ ጻፉ፤ መኸሩንም ጻፉ። ጥቅምት 28 ቀን 1965 ምርጫው ሲደረግ ኒክሰን ከ50 ግዛቶች 49ኙን ጠራርገው ወሰዱ። ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሉ ይሄዳል ማለት ይኼ ነው። ጋዜጣ ብቻውን ፕሬዚዳንት አያወርድም። ጩኸቱን ሰምቶ፣ በሕግ የተሰጠውን ሥልጣን ይዞ የሚነሳ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው ተነሳ ወይ? ተነሳ። ፊልሙ ካሜራውን ካቆመበት ቀን በ18ኛው ቀን ሴኔቱ በ77 ለ0 ድምፅ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በኮሚቴው ፊት የዋይት ሀውስ ረዳት የነበሩት አሌክሳንደር በተርፊልድ ቀርበው፣ ፕሬዚዳንቱ በገዛ ቢሯቸው የሚነገረውን ሁሉ በቴፕ እንደሚቀዱ ተናገሩ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ አርቺባልድ ኮክስ «ቴፑ ይቅረብ» አሉ። ኒክሰን «ይባረር» ብለው አዘዙ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ኤልየት ሪቻርድሰን «አላባርርም» ብለው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ምክትላቸው ዊልያም ረከልስሃውስም እንዲሁ እምቢ አሉ። ሦስተኛው ሰው ሮበርት ቦርክ ትእዛዙን ፈጸሙ። ጥቅምት 10 ቀን 1966 መሆኑ ነው። ግን የሕዝቡ ቁጣ ስለበረታ ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ መሾም ግድ ሆነ፤ እሳቸውም ያንኑ ቴፕ ጠየቁ።

ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐምሌ 17 ቀን 1966 ዳኞቹ 8 ለ0 «ይቅረብ!» ብለው ወሰኑ። ከስምንቱ ሦስቱ ራሳቸው ኒክሰን የሾሟቸው ናቸው፤ ፍርዱን የጻፉትም እሳቸው የሾሟቸው ዋና ዳኛ ዋረን በርገር ናቸው። በዚያው ወር በተወካዮች ምክር ቤት የሕግ ኮሚቴ የመጀመሪያው ክስ በ27 ለ11 ሲያልፍ፣ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የሆኑ 6 ሰዎች ለክሱ እጃቸውን አወጡ። በመጨረሻም እነ ባሪ ጎልድዋተር፣ የገዛ ፓርቲያቸው ሽማግሎች፣ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄደው በሴኔት የሚያድናቸው ድምፅ እንደሌለ ነገሯቸው።

ልብ በሉልኝ። እዚህ ውስጥ ወሳኙን እምቢታ ያሰሙት አብዛኞቹ ጠላቶቻቸው አይደሉም። የሾሟቸው፣ የቀጠሯቸው፣ አብረዋቸው የበሉ ናቸው። ‹ቼክስ ኤንድ ባላንስ› እያልን የምንጠራው ነገር በወረቀት ላይ በር ነው፤ በር ደግሞ ዘበኛ ይፈልጋል። ዘበኛው ለቀጠረው ሰው ሳይሆን ለበሩ ሲታመን ነው በሩ በር የሚሆነው።

ይኼን ያልኩት አሜሪካንን ለማሞገስ አይደለም። ኒክሰን ቴፕ ባይቀዱ ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ነገሩ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ግድም ፈጅቷል። በዚያ ላይ ጳጉሜ 3 ቀን ተተኪያቸው ጄራልድ ፎርድ ሙሉ ምሕረት አደረጉላቸው። ሎሌዎቹ ወህኒ ሲወርዱ ጌታው ቤታቸው ገቡ።

አሁን ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩበት ምክንያት መጣ። ከዚያ ምሕረት በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። እኛም እኮ መርማሪ ኮሚሽን ነበረን! የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጉዳይ እንዲመረምር በ1966 ተቋቁሞ ይሠራ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ግን ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከነሱ መካከል ጥፋተኛ ነበረ ወይስ አልነበረም? ፍርድ ቤት ስላልቀረቡ ዛሬም እንከራከራለን። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያለው አባት ይኼን ሳያይ አይደለም።

በሩ እዚያም ቢሆን ለዘላለም አልተቆለፈም። የካቲት 6 ቀን 2013 ሴኔቱ ዶናልድ ትራምፕን ለመፍረድ ድምፅ ሲሰጥ 57 ለ43 ሆነ፤ ከፓርቲያቸው ሰባት ሰዎች ቢጨመሩም ከሚያስፈልገው 67 ስላልሞላ ነጻ ወጡ። ሰኔ 24 ቀን 2016 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ፣ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ለፈጸመው ኦፊሴላዊ ተግባር ከወንጀል ክስ ሰፊ ከለላ እንዳለው ወሰነ። ተረታችን ባሕር ተሻግሮ ዋሽንግተን ገባ ልበል? ሕገ መንግሥቱ ያው ነው፤ የተለየው የሚያነበው ሰውና ዘመኑ ነው።

ፊልሙ ላይ አንድ ነገር ወድጄለታለሁ። መጀመሪያው ላይ በሩ መዝጊያ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አይቶ ፖሊስ የሚጠራውን ጥበቃ የተጫወተው ራሱ ፍራንክ ዊልስ ነው፤ በእውነትም ያን ሌሊት ሌቦቹን ያስያዘው እሱ ነበር። ያኔ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሲሞት ድሃ ነበር። ጋዜጠኞቹም፣ ሴናተሮቹም፣ ዳኞቹም ሥራቸውን የጀመሩት እሱ የራሱን ሥራ ስለሠራ ነው። ሹመት አልነበረውም። የነበረው አንድ የእጅ ባትሪና የሚጠብቀው በር ነው።