ስለ ማውዝፒስ ማዕድንና ስለ ጠርዙ

በዚህ ዘመን ትራምፔት ወይም ትሮምቦን ሊማር የተነሣ ወጣት ሁሉ፣ ገና አንዱን ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ቀጥ አድርጎ መያዝ ሳይችል፣ ስለ ማውዝፒሱ ማዕድን ይከራከራል፤ ብሩ ድምፅን ያጠራል፣ ወርቁ ያለሰልሳል፣ ቲታንየሙ ያርቃል እያለ እንደ ቀኖና ያጸናዋል፤ ነገር ግን ያን ያመሰገነውን ማውዝፒስ ከእጁ ተቀብሎ ጠርዙን የመረመረ ሰው፣ እንኳን ለመድረክ ለልምምድም የማይበቃ ሥራ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን እያዩ ዝም ማለት ስለ ከበደኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የጽዋው ጥልቀትና የጉሮሮው ስፋት ድምፅን እንደሚገዙ ማንም መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚያስተምረው እዚህ አልዘረዝረውም። በ1918 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ማውዝፒስ መሥራት የጀመረው ኦስትሪያዊው ትራምፔተኛ ቪንሰንት ባክ ያጸናውን አቆጣጠር፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጽዋው እንደሚሰፋ፣ ፊደሉም ከኤ እየራቀ ሲሄድ ጥልቀቱ እንደሚቀንስ የማያውቅ ቢኖር፣ አስቀድሞ እርሱን ያጥና።

አብዛኛው ማውዝፒስ ከናስ፣ ማለትም ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ፣ በቶርኖ ተቀርጾ በብር ወይም በወርቅ የሚለበጥ ነው። የልባጡ ውፍረት በማይክሮን የሚቆጠር ስለሆነ፣ ድምፅን ይለውጣል ብሎ መማል አይገባም፤ የሚጮኸው በውስጥ ያለው አየር እንጂ ቆዳው አይደለምና። የግድግዳው ውፍረትና ክብደት ለነፊው በራሱ ከንፈርና ጥርስ ላይ የሚሰማውን ስሜት እንደሚለውጥ አልክድም፤ በአዳራሹ ማዶ የተቀመጠው አድማጭ ግን ያን አይለየውም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ሙሴ ሁለት የብር መለከቶች እንዲሠራ ስለ ታዘዘ፣ ብር ለመለከት የተለየ ማዕድን ነው ብለው የሚጠቅሱልኝ አሉ፤ እነዚህ ሰዎች ቃሉን አጥብቀው ቢያነቡት፣ ትእዛዙ ማዕድኑን ጠርቶ እንዳላበቃ፣ ብሩ ተጠፍጥፎ እንዲሠራ አሠራሩንም ጭምር እንደ ደነገገ ባስተዋሉ ነበር።

ማዕድን የሚፈርደው በምቾት ላይ ነው። ብር ከንፈርን ይይዛል፣ ወርቅ ያንሸራትታል፤ ብር የማይስማማው ቆዳ ያለው ሰው ወርቁን ቢመርጥ መብቱ ነው። የማይዝግ ብረትና ቲታንየም ሙቀትን የሚያስተላልፉት ከናስ እጅግ ባነሰ መጠን ስለሆነ በታኅሣሥ ውርጭ እንደ ናስ ከንፈርን አያቀዘቅዙም፤ ፕላስቲክም በዚህ ከሁሉ ይሻላል፣ ስለዚህም በብርድ ሜዳ ላይ የሚሰለፉ ባንዶች ይገለገሉበታል። ልባጡ አልቆ ናሱ በገሃድ የወጣበትን ማውዝፒስ ግን ማንም በከንፈሩ ላይ አያኑር፤ መዳቡ ከምራቅ ጋር ተገናኝቶ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ከንፈርንም ያስቆጣል። ስለ ማዕድን ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የማውዝፒስ ሥራ ደግነቱም ክፋቱም የሚታወቀው በጠርዙ፣ ከጠርዙም ይልቅ ወደ ጽዋው በሚያዘቀዝቀው የውስጥ አፋፍ ነው። ከንፈር የት ላይ እንደሚያርፍና ከየት ጀምሮ እንደሚንቀጠቀጥ የሚወስነው ይህ አፋፍ ነው። እጅግ ቢሰላ ይቆርጣል፤ እጅግ ቢዶለዱም የድምፁ አነሣሥ ይዳፈናል፤ በአንድ ወገን ሰልቶ በሌላው የዶለዶመ እንደ ሆነ ግን ከሁለቱም ይከፋል፤ ከንፈር ያን ጉድለት ለመሙላት ሲል ሳይታወቀው ይጣመማል፣ ነፊውም ከፍ ያለውን ድምፅ ለማግኘት መሣሪያውን ወደ ጥርሱ ይጫናል፣ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ድምፁ ይሳሳል።

ይህ ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዕድሳት ነው። አሮጌ ማውዝፒስ ለሽያጭ ሲሰናዳ፣ ጭረቱ እንዲጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ በሚሽከረከር መወልወያ ላይ በእጅ ተይዞ ይወለወላል፣ ከዚያም በብር ወይም በወርቅ ውሃ ይነከራል። የሰው እጅ በክቡ ዙሪያ ሁሉ እኩል አይጫንምና አፋፉ በአንድ ስፍራ ተበልቶ በሌላው ይቀራል፤ አዲሱም ልባጥ ጥፋቱን አልብሶ ያሳምረዋል። አንድ ወጣት ትራምፔተኛ በወርቅ ውሃ የተነከረ እንዲህ ያለ ማውዝፒስ ገዝቶ፣ ባልንጀሮቹም አሞግሰውለት፣ በነፋ ቁጥር ከንፈሩ በግራ በኩል ብቻ ያብጥ ነበር፤ እርሱም ማዕድኑ አልተስማማኝም እያለ ሌላ ሊገዛ ገንዘብ ያጠራቅማል። ማዕድን ያልተስማማው ከንፈር በአንድ ጎን ብቻ እንዴት ያብጣል? ጠርዙ ያልተነካ ተራ የብር ማውዝፒስ በሰጠሁት ጊዜ እብጠቱ ተወው።

ማወቂያው እንዲህ ነው። ማውዝፒሱን ጭራውን ወደ ታች አድርገህ በመስኮት አጠገብ በዓይንህ ትክክል ያዘው፤ በጠርዙ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ታያለህ። አሁን በሁለት ጣቶችህ ቀስ ብለህ አዙረው። ጠርዙ ቶርኖው እንደ ተወው ከሆነ፣ ማውዝፒሱ ሲዞር መስመሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ የተፋቀ እንደ ሆነ ግን መስመሩ እየሰፋ እየጠበበ ይርገበገባል፣ አልፎ አልፎም ይቆረጣል። ከዚህ በኋላ የአውራ ጣትህን ጥፍር በውስጡ አፋፍ ላይ አዙር፤ ዓይን የተጠራጠረውን ጥፍር ያረጋግጣል።

ይህን ያስተማሩኝ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ኮርኔት ይነፉ የነበሩ አንድ ሻምበል ባሻ ናቸው። እሳቸውም የተማሩት ከአርመኖቹ ነበር፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ካገኟቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በአዲስ አበባ የማርሽ ባንድ ከሆኑት፣ አርባ ልጆች ከተባሉት ወላጅ አልባ ልጆች ከአንዱ። ሻምበል ባሻ በብርድ ጧት ናሱ በገላቸው ሙቀት እንዲለዝብ ማውዝፒሳቸውን በነጠላ ቅዳጅ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይይዙት ነበር። ልባጡ ሲያልቅ ለማስለበጥ ራሳቸው ሄደው በሠራተኛው ራስጌ ይቆማሉ፤ ጠርዙን በሳሙናና በጨርቅ ካልሆነ በቀር በምንም እንዲነካው አይፈቅዱለትም። «አንተ ልጅ፣ ብሩ ይተካል፤ የተፋቀው ናስ ግን አይመለስም» ይሉኝ ነበር። ሲነፉ ሳዳምጥ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የጀመሩት ኖታ ከየት እንደ ተነሣ አይታወቅም ነበር፤ እንዲህ ያለ አነሣሥ ከእሳቸው ወዲህ ከጥቂት ሰዎች በቀር አልሰማሁም።

ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ስለ ወርቁ አትጠይቅ፤ ጠርዙን አይተህ ፍረድ። ያረጀና የደበዘዘ፣ ነገር ግን መስመሩ የማይናወጥ ማውዝፒስ ብታገኝ ግዛው፤ አስለብጠው፣ አታስወልውለው። ሻጩ ወደ መስኮት ይዘህ እንዳትሄድ ከከለከለህ ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትተህለት ሂድ።