ልጁ አላማረኝም

ጎበዝ የሕፃናት ነርስ ወደ በሽተኛው ስትጠጋ እጇን አታስቀድምም። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ተኝቶ ከሆነ ነጠላውን ከደረቱ ላይ ቀስ ብላ ገለጥ ታደርግና ሰዓቷን እያየች ሙሉ 1 ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ቴርሞሜትሩም መርፌውም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። አንዴ ካለቀሰ የትንፋሹ ቁጥር ስለ ሳምባው የሚናገረው ነገር የለም። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በ2 ማባዛትም አያዋጣም፤ የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቆም ይላልና። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ2 ወር በታች 60፣ እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ይላል። ቁጥሩን ማንም ተማሪ ይሸመድደዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ምን ከምን ቢቀድም እውነቱ ሳይረበሽ እንደሚገኝ ማወቁ።

በዚያች ደቂቃ ዓይኗ ሌላም ሥራ ይሠራል። የታችኛው ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? እርግብግቢቱ ጎድጉዷል? ጡት ሲሰጠው ይስባል ወይስ አፉ ውስጥ ይዞት ዝም ይላል? ግንባሩ እየነደደ እግሩ ቀዝቅዟል?

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታን ማንበብ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ሊነጋ ሲል ጸጥ ሲል እናት «ተመስገን፣ ተሻለው» ትላለች። ነርሷ ግን ዝምታው የእንቅልፍ ይሁን የድካም ገና አላወቀችም። ትቀሰቅሰዋለች። ተቆጥቶ እጇን ከገፋ፣ ፊቱን ወደ እናቱ ካዞረ ደስ ይላታል። ዓይኑን ገልጦ ማንንም ካላየ ግን ሐኪም ትጠራለች። አስም የያዘው ልጅ ደረት ሲር ሲር ማለቱን ሲያቆምም እንደዚሁ ነው፤ ድምፁ የጠፋው አየር መግባት ስላቆመ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊቱ ደህና መሆኑም ብቻውን አያጽናናትም። የልጅ ሰውነት ደም ሥሮቹን አጥብቆ፣ ልቡን አፍጥኖ ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆያል፤ ሲለቀው ባንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የጣቱን ጫፍ ተጭና ትለቅና ቀለሙ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ደሙ ወደ ዳር እየደረሰ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥበቡ ባለማድረግ ውስጥ ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የወረደ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳና ተቅማጥ የያዘው ልጅ ይመጣል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሆዱ ላይ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም። ሌላ ልጅ ቢሆን ይህ ፈሳሽ ማጣት ነው ይባል ነበር። እሱ ግን ስቡ ስላለቀ ብቻም እንዲህ ሊመስል ይችላል። እናት «ግሉኮስ ይሰካለት» ብላ ትለምናለች፤ ልመናዋም የፍቅር ነው። ነርሷ «የኔ እናት፣ በደም ሥር ቢፈስለት ልቡ አይችለውም። በማንኪያ እየሰጠነው አብረን እናየዋለን» ትላለች። ልጁ ደሙ ወደ ዳር መድረስ አቅቶት ሾክ ውስጥ ካልገባ በቀር ይህ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ከዚያ ለእሱ የተዘጋጀውን ፈሳሽ በዝግታ እየሰጠች ትንፋሹንና የልብ ምቱን ትለካለች፤ ሁለቱም አብረው ከጨመሩ ታቆማለች። ጭንቅላቱን ትሸፍንለታለች፣ ከእናቱ ገላ ጋር ታሞቀዋለች፣ ሌሊትም ሳይቀር በየ2 ሰዓቱ ወተቱን ታሰጣለች፤ ብርድና የስኳር ማነስ እንዲህ ያለውን ልጅ ተኝቶ ሳለ ይገድሉታልና።

አዋቂ በሽተኛ ሌላ ችግር አለው፤ ይናገራል። «እንዴት አደሩ አባባ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ይህ መልስ እምነትና ጨዋነት ነው፤ የሕመም ሪፖርት አይደለም። ጥሩ ነርስ «ይመስገን» ትልና ትቀጥላለች። «ማታ ስንት ትራስ ተደግፈው ተኙ? ሽንት ቤት ሲሄዱ መሃል ላይ ቆመው አረፉ?» ልባቸው የደከመ ሰው ትናንት በ1 ትራስ ተኝተው ዛሬ በ3 ተደግፈው ካደሩ ደህና አይደሉም። ሌላው አዛውንት በአንድ ሌሊት መቀባጠር ጀምረው ልጃቸው «እርጅና ነው» ትላለች። «ትናንትስ እንዲህ ነበሩ?» ትላታለች ነርሷ። አልነበሩም። እንግዲያው ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ትለካለች፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ከተወጉ በኋላ እራት በልተው እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ሽንት ተቋጥሮ እንደሆነ ሆዳቸውን ትዳስሳለች፣ ትንፋሻቸውን ትቆጥራለች። የሽማግሌ የሳምባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል።

የወለደችውንም ሴት ጎበዝ ነርሶች «ደህና ነኝ» ስላለች አያልፏትም። ማህፀኗ መጠንከሩን በእጅ ያዩታል፤ ብርድ ልብሱን ገልጠው ከወገቧ ሥር አንሶላውን ይፈትሻሉ፣ ደም ከጀርባ ሥር ተሰብስቦ ከላይ ላይታይ ይችላልና።

በጥቁር ቆዳ ላይ የመቅላትና የመጥቆር ምልክት እንደ መማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ምላስን፣ ድድን፣ መዳፍን፣ የዓይን ቆብን ውስጠኛ ገጽ ያያሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ይሸወዳል፤ ቀዝቃዛ ጣት ላይ ይሳሳታል። በ2013 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መሣሪያው የጥቁር በሽተኞችን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ 3 እጥፍ ገደማ አብዝቶ እንደሚያልፈው አሳይቷል። ቁጥሩ 94 እያለ በሽተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ካቃተው፣ የምትታመነው የነርሷ ዓይን ናት።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይህን ሙያ የተማረችው በስደት ሳለች፣ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነው፤ በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆና ተመዘገበች፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወጣትነቷ አረፈች። በስሟ የቆመውን ሆስፒታል የሚያውቅ ሁሉ ነርስነቷንም ቢያውቅላት እወዳለሁ። የንጉሥ ልጅ ሆና ይህን ሥራ መምረጧ ሥራው ምን ያህል እንደሚከበር መናገር ነበረበት፤ እኛ ግን ዛሬም «መርፌ ወጊ» እንላለን።

ነርሷ አልጋ አጠገብ የምትሰበስበው ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚተላለፈው በተረኛ ርክክብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በችኮላ፣ ቆመው። ልምድ ያላት ነርስ በዚያች ሰዓት ካርዱ ላይ ያለውን ከነገረች በኋላ «የ7 ቁጥሩ ልጅ አላማረኝም» ትላለች። ከዚህ አባባል በስተጀርባ በብዙ ዓመት ያየቻቸው ልጆች አሉ፤ ዓይኗ ያየውን አፏ ገና በቁጥር አላደረሰውም እንጂ ግምት አይደለም።

የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለርክክብ በቂ ሰዓት ስጡ፤ አንዲት ነርስ ላይ ሙሉ ክፍል አትጫኑ፣ ሙሉ 1 ደቂቃ መቁጠር የሚቻለው ደቂቃ ላላት ነውና። ተረኛ ሐኪሞችም፣ ነርሷ በሌሊት ደውላ «አላማረኝም» ካለቻችሁ ቁጥር አትጠይቋት፤ ተነሥታችሁ ልጁን እዩት።