ዕራቁት ስለሚለው ቃል አጭር ሐተታ

ኦሪት ዘፍጥረት አባታችን አዳምንና እናታችን ሔዋንን ሁለት ጊዜ ዕራቁት ይላቸዋል፤ አንዱ ከበደል በፊት (2፥25)፥ ሁለተኛው ከበደል በኋላ (3፥7) ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ፊተኛው ያለ ኀፍረት፥ ኋለኛው ከኀፍረት ጋራ መሆኑ ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ፊት ጸጋ እግዚአብሔር ልብስ ሆኖላቸው ነበርና፤ ኋላ ግን ያን ተገፈፉ።

ገፈፈ ማለት የታረደውን ከብት ቆዳውን ለየ ማለት ነው፤ አንድም የለበሰውን ሰው በግድ አራቆተ ማለት ነው። ያልለበሰ አይገፈፍም። እንግዲህ ንጽሕና ባዶነት ሳይሆን የተሰጠ ሀብት መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

አንዳንዶች ግን አዳም ንጹሕ የነበረው ምንም ስለማያውቅ ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር የቀና አይደለም፤ ዕውቀትን የሰጠ እባብ ነው ያሰኛልና። አዳም ሳይበድል ለእንስሳት ሁሉ ስም አውጥቷል (2፥20)፤ የማያውቅ ስም አያወጣም። መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 3፥ አዳም ዕራቁቱን ሳለ ሳያፍር በገነት 7 ዓመት እንደ ሠራ፥ መላእክትም ሥራውን እንዳስተማሩት ይናገራል። ስለዚህ በዕፀ በለስ ያገኘው ዕውቀት ማጣቱን ማወቅ ነው።

በዕብራይስጥም የዕራቁትነት ቃል ዓሮም፥ እባብ ተንኰለኛ የተባለበትም ቃል (3፥1) ዓሩም ነው፤ ድምፃቸው ይቀራረባል። በግእዙ ሁለቱ ቃላት ስለሚለያዩ ይህ አይሰማም፤ ምሥጢሩ ግን መጽሐፉ የሚገፈፈውንና የሚገፍፈውን ጎን ለጎን አቁሞ ማሳየቱ ነው።

ዛሬ በጉለሌም ሆነ በሌላው ሰፈር የዋህ የሚለው ቃል ለንቀት ሲነገር ይሰማል። ቅን ሰው ሲታለል የዋህ ተብሎ ይሳቅበታል፤ ያታለለው ግን ብልኅ ይባላል። ጌታ ግን የዋህ ብሎ የጠራው ራሱን ነው (ማቴ 11፥29)፤ ደቀ መዛሙርቱንም ልባምነትን ከየዋህነት ጋራ እንዲይዙ አዟል (10፥16)። አንተ ዳኛ፥ አንተም መምህር ሆይ፥ ያልተማረውን በወረቀት አታልሎ የገፈፈውን ሰው ብልኅ ብለህ አታመስግን፤ ሥራው የእባብ ሥራ ነውና።

እግዚአብሔር በተራቆተው በአዳም አልሳቀበትም፤ ከገነት ሳያስወጣው አስቀድሞ የቁርበት ልብስ አለበሰው (3፥21)። ኩፋሌ አዳም በ40፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ እንዳለ፥ ቤተ ክርስቲያንም ወንዱን በ40 ሴቲቱን በ80 ቀን አጥምቃ የተገፈፈውን ልብስ ትመልሳለች። እንግዲህ የለበሰ ልብሱን ይጠብቅ፤ የተገፈፈውንም ወንድሙን ያልብስ።