የአማካሪው ጠረጴዛና የተቀዳው ትምህርት

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ ከተሞች ነጋዴው ስለ ሒሳብ መዝገብና ስለ ግብር ምክር ሲፈልግ ደረሰኙን በፌስታል ይዞ ወደ ሒሳብ ዐዋቂው ጠረጴዛ መሄድ ልማዱ ነው። ዛሬ ግን ምክሩን በቪዲዮ ቀድቶ በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ዋጋውንም በቴሌብር የሚቀበል አማካሪ መጥቷል። ከነዚህ ትምህርቶች አንዱን ገዝቼ እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፤ የሻጩን ስም ልተወው።

ሥራውን ከነጭራሹ ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። ከሀድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በሱቅ ንግድ የሚተዳደረው ወጣት ብዙ ነው። ጆሃንስበርግ ያለ ሰው ሆሳዕና ካለ አማካሪ ፊት ሊቀመጥ አይችልም፤ ማታ ሱቁን ዘግቶ ግን ሊያዳምጠው ይችላል። የዴቢትና የክሬዲት አገላለጹም ግልጽ ነው።

ጉድለቱ የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። ታላቅ ወንድም ከውጭ በላከው ገንዘብ ታናሹ ሱቅ ይከፍታል። ያ ገንዘብ ብድር ነው፣ ስጦታ ነው፣ ወይስ የሽርክና መዋጮ? ወንድማማቾቹ ብዙውን ጊዜ በግልጽ አልተነጋገሩበትም፤ መዝገብ ግን ያለዚህ መልስ በትክክል አይከፈትም። አማካሪው በጠረጴዛው ላይ ይህን ይጠይቃል፤ ታናሹ ሲያመነታ ያየዋል፤ በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳም ደግሞ ያስረዳዋል፤ «ለወንድምህ ደውልና ጠይቀው» ብሎም ይመልሰዋል። ቪዲዮው «ካፒታል» ብሎ አንድ ቁጥር ጽፎ አልፏል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይብሳል። ትምህርቱ ግብር ከፋዮችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በሦስት ደረጃ ይከፍላል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ይህ ትክክል ነበር፤ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ነበርና። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ ይኸውም አዋጅ ቁጥር 1395፣ ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቶ በሁለቱ መካከል ያለውን ወሰን 2 ሚሊዮን ብር አድርጎታል። አማካሪው ይህን አያውቅም ለማለት አልደፍርም፤ ቢሮው ለሚገባ ደንበኛ አዲሱን ሳይነግረው አይቀርም። የተቀዳው ድምፁ ግን አሮጌውን እየሸጠ ነው። ጽፌ ብጠይቀው «ትምህርት 7ን ተመልከት» የሚል መልስ ደረሰኝ፤ ስሕተቱ ያለው እዚያው ትምህርት 7 ላይ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት በነጻ የሚሰጥ ነው። በልዩ ልዩ ሙያ የሚሰጥ ነጻ ማብራሪያ በየስልኩ በሚገኝበት ጊዜ፣ ገዢው ብር የሚከፍለው የራሱን መዝገብ አይቶ ለሚያርምለት ሰው ይመስለኛል። ይህ ሻጭ መልመጃ ሰጥቷል፤ እርማት ግን አልሰጠም። በሳምንት አንድ ምሽት ለጥያቄ ቢመድብ፣ የግብሩንም ክፍል በየዓመቱ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት እንደገና ቢቀዳ፣ ዋጋውን እጥፍ ቢያደርገው እንኳ አልነቅፈውም።