በሬ ያረደ ጉባኤ

በሱዳን ረጅም ጦርነት ዘመን ናይሮቢ የደቡብ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት መጠጊያ ነበረች። ካቶሊኩም፣ ኤጲስቆጶሳዊውም፣ ፕሬስቢቴሪያኑም የተሰባሰቡበት «የአዲሱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት» ቢሮውን የከፈተው እዚያ ነው። የስደት ቢሮ መግለጫ ማውጣት ይቀናዋል። እነዚህ ግን እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በተፋጁት የዲንካና የኑዌር ሕዝቦች መካከል ገቡ።

የሚማርከኝ አካሄዳቸው ነው። በ1998 አጋማሽ አለቆቹን በኬንያዋ የድንበር ከተማ ሎኪቾጊዮ አገናኙ። ቀጥሎ የኑዌር አለቆች ወደ ዲንካ ምድር፣ የዲንካዎቹም ወደ ኑዌር በእንግድነት ሄዱ። በየካቲት 1999 ማብቂያ ላይ ውንሊት በተባለች የዲንካ መንደር ትልቁ ጉባኤ ተከፈተ። ለእንግዶቹ ጎጆ ተቀለሰ፤ ነጭ በሬ ታረደ፤ ቃሉን ያፈረሰ እንደ በሬው ይሁን ተባለ። በክርስቲያን ጉባኤ እንዲህ መማሉ የሚከነክነው አይጠፋም፤ ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል።

ካህናቱ «ይቅር ተባባሉ» ለማለት አልቸኮሉም። አንዱ ወገን የተገደለበትን ሰው፣ የተነዳበትን ከብት፣ የተወሰዱበትን ሴቶችና ልጆች ተናግሮ እስኪወጣለት ሌላው ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ስምምነቱም የተወሰዱት እንዲመለሱ፣ የግጦሽና የውኃ ቦታዎች እንዲከፈቱ የሚል ነበር።

ጦርነቱ አልቆመም። በዚያው ዓመት ነዳጅ ዘይት ባለበት አካባቢ ውጊያ ሲነሳ ግን ብዙ የኑዌር ቤተሰቦች ሸሽተው የተጠጉት ዲንካዎቹ ዘንድ ነው።