ፓላዲዮና የታሪክ ሊቃውንት
የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ለተመራማሪዎች ያቀረበው «ፓላዲዮ» የተባለው የኮምፒዩተር መሣሪያ፣ የታሪክ ሊቃውንትና የሥዕላዊ መግለጫ ነዳፊዎች ተመካክረው የሠሩት ነው። መነሻውም የጥንት አውሮፓ ሊቃውንት የተጻጻፉአቸውን ደብዳቤዎች የመረመረው ጥናት ነው። በሠንጠረዥ የተሰናዳውን መረጃ በካርታና በመረብ ማሳየቱ የሚመሰገን ነው፤ ከብዙ ደብዳቤዎች መካከል ሳይታሰብ የቀረ ጥያቄ እንዲነሣ ይረዳልና።

ነገር ግን በካርታው ላይ የሚሰመረው መስመር፣ የተጻፈውን ሁሉ ሳይሆን ተጠብቆ በሠንጠረዡ የገባውን ብቻ ያሳያል። ባዶው ስፍራ የዝምታ ይሁን የጥፋት አይለይም። ለዚህም አባ ጎርጎርዮስና ሂዮብ ሉዶልፍ ምስክር ናቸው። እነዚህ ሊቃውንት በ1649 በሮማ ተገናኙ፤ በ1652 በጎታ ከተማ አብረው ሠሩ፤ ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ተጻጻፉ። መስመራቸው በደብዳቤ ቍጥር ቢለካ እጅግ ቀጭን ይሆናል። ይሁን እንጂ ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በአመዛኙ የተመሠረተው በአባ ጎርጎርዮስ ቃል ላይ ነው። ፊት ለፊት የተነጋገሩበት ጊዜ ደብዳቤ አላስፈለገውምና፣ ዕውቀቱ ይበልጥ በተላለፈበት ዘመን ካርታው ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ የታሪክ ሊቅ ድርሻ መሣሪያው በመታነጹ አይፈጸምም። የጐደለው ነገር እንደ ተገኘው ሁሉ ምልክት እንዲኖረው መጠየቅ ይገባዋል፤ አለዚያ ሥዕሉ የመዝገቡን ጕድለት እንደ ታሪክ ያስተምራል።