ከጫማ መደርደሪያው ሥር

ባለፈው ግንቦት፣ ጀምበር እንደጠለቀች ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ልጅ ትንፋሿ እየተቆራረጠ «በረንዳችን ላይ እባብ አለ፤ አያቴ መጥረጊያ ይዛ ልትገድለው ነው» አለችኝ። ሁለት ነገር ብቻ ነገርኳት። አያትሽን ወደ ቤት አስገቢያት። አንቺ ከመስታወቱ በር ጀርባ ሆነሽ ወዴት እንደሚሄድ ተከታተዪ።

የምሠራው ኔታንያ ነው። እስራኤል ውስጥ እባብ ያዥ ለመሆን የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እባቦቹም የዱር እንስሳትን በሚጠብቀው ሕግ ሥር ናቸው። ይህን ግን ለደነገጠ ሰው በር ላይ ቆሜ አልሰብክም። አያቷ በሩን ሲከፍቱልኝ መጥረጊያውን እንደያዙ ነው።

«ልጄ፣ ይዘኸው ልትሄድ ነው? ግደለው እንጂ!»

«እማማ፣ መጀመሪያ ልየው። እርስዎ ከልጅቷ ጋር ይቀመጡ።»

እኔም ያደግሁት ጎንደር ገጠር ነው። እባብ ሲታይ ዱላ እንደሚፈለግ አውቃለሁ። ሐኪም ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት አገር ያ ፍርሃት ትክክል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ስለዚህ በሽማግሌዎቻችን ፍርሃት የሚስቅ ወጣት ሳይ ይከፋኛል።

ልጅቷ ዓይኗን ከእባቡ አላነሳችም ነበርና በጣቷ አመለከተችኝ፤ ከጫማ መደርደሪያው ሥር፣ ግድግዳው ጥግ። መብራቴን ወደ ወለሉ አስጠግቼ አበራሁ። በወርቃማ ቡናማ ጀርባው ላይ ጠቆር ያለ መስመር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አንገቱ ቀጭን፣ ራሱ ሰፊ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቁልቁል የተሰነጠቀ ነው። ጼፋ ነው፤ በእኛ ቋንቋ እፉኝት የምንለው ወገን። በባሕሩ ዳርቻ ከተሞች ሰው ከሚያጋጥሙት እባቦች አደገኛው እሱ ነው። አልሸሸም። እፉኝት በመደበቁ ይተማመናል፤ እግር ጠጋ እስኪለው ድረስ ተጠቅልሎ ዝም ይላል።

መያዙ ራሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ከኋላው ያለውን ክፍተት በፎጣ ደፈንኩ፤ ክዳን ያለውን ባልዲ በጎኑ አጋደምኩት፤ መደርደሪያውን በዝግታ ወደኔ ሳብኩት። ያኔ አንገቱን ሰብስቦ ጮክ ብሎ ነፋ። ጠበቅሁት። ትንፋሹ ሲረግብ ቆልማማውን ዘንግ ከሆዱ ሥር አስገብቼ ወደ ባልዲው አፍ መራሁት። የፈራ እባብ ጨለማ ጉድጓድ ካየ ራሱ ይገባል። ራሱን ረግጦ አንገቱን በጣት ማነቅ ለተመልካች ያምር ይሆናል እንጂ ያዡንም እባቡንም ለጉዳት ያጋልጣል።

ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ግን ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። እማማን አስከትዬ በረንዳውን አየን። ጥግ ላይ የጤፍና የሽምብራ ጆንያ አለ። የአንዱ ጆንያ ማዕዘን ተቦድሷል፤ ከሥሩ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ፍሬ አለ፤ የአይጥ ኩስ። «ይኸው እማማ፣ እንግዳውን የጠራው ይሄ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ መጥረጊያውን ለሥራው አዋሉት።

የከተማዋም ታሪክ ከዚያ ጆንያ ጋር አንድ ነው። ኔታንያ በ1929 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋ ፓርዴስ፣ የብርቱካን እርሻ ነበር። መስኖ ባለበት አይጥ ይራባል፤ አይጥ ባለበት ጼፋ ይመቸዋል። ዛሬ እርሻው ሕንፃ ሆኗል፤ ውሃ የሚጠጣ የአትክልት ቦታ፣ የቆሻሻ ገንዳና ቁልል እንጨት ግን ከየሕንፃው ሥር አለ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ጼፋ የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ነው። ከብዙዎቹ የእፉኝት ዘመዶቹ በተለየ እንቁላል ይጥላል፤ በመስከረም በዓላት ሰሞን የሚፈለፈሉት ግልገሎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መርዝ አላቸው። ትንሽ ነው ብሎ በጫማ የሚገፋ ሰው ይሳሳታል።

ብዙ ጥሪ ደግሞ መርዝ ለሌለው እንስሳ ነው። ከሁለት ሜትር የሚያልፈው የሚያብረቀርቅ ጥቁር እባብ ሰፈሩን ሁሉ ያስጮኻል፤ ለሰው የሚያሰጋ መርዝ ግን የለውም፤ አይጥ ይበላል። እግር የሌለው ትልቁ እንሽላሊትም እባብ መስሎ በከንቱ ይገደላል፤ እባብ የዓይን ቆብ የለውም፣ እሱ ግን ዓይኑን ይጨፍናል።

መለየት ግን ቀላል አይደለም። በጀመርኩበት ዓመት አንድ አባት ደብዛዛ ፎቶ ላከልኝ። ጼፋን የሚመስል፣ ጀርባው በሳንቲም በሚመስሉ ነጠብጣቦች የተሸለመ መርዝ የሌለው እባብ አለ፤ እሱ ነው ብዬ «አይዞህ፣ ምንም አያደርግም» አልኩት። ስደርስ ልጆቹ በሁለት እርምጃ ርቀት ቁጭ ብለው ጼፋ ያያሉ። ማንም አልተነካም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ በደብዛዛ ፎቶ «አይዞህ» ብዬ አላውቅም። ሰው የኔን ቃል አምኖ ልጁን ያስጠጋልና።

እባብ የነደፈ ጊዜም ከአገር ቤት ያመጣነውን ልማድ መተው አለብን። በምላጭ መብጣት፣ ደሙን በአፍ መምጠጥ፣ እግሩን በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር፣ በረዶ መያዝ፤ ሁሉም ጉዳቱን ያባብሳል። የተነደፈው ይቀመጥ፣ እጁን ወይም እግሩን አያንቀሳቅስ፣ እብጠት ይመጣልና ቀለበትና ሰዓቱ ይውለቅ፣ ወደ አምቡላንስ 101 ይደወል። ማርከሻው ሆስፒታል አለ፤ እንደሚያስፈልግና እንደማያስፈልግ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እባቡን ለማስረጃ ልያዝ ብሎ ሁለተኛ ሰው እንዳይነደፍ።

ባልዲው ውስጥ የገባው ጼፋ በዚያው ሌሊት ከመኖሪያ ቤት ርቆ ወደ ሜዳ ሄደ። እናንተ ግን ዛሬውኑ እህሉን ክዳን ባለው ዕቃ ክተቱ፣ ማታ በረንዳ ስትወጡ ጫማ አድርጉ፣ መብራት አብሩ። እባብ ካያችሁ ልጆችን አስገቡ፣ ሦስት ሜትር ራቁ፣ ደውሉ፤ እኛ እስክንደርስም ዓይናችሁን ከእሱ አታንሱ።